የአባቴ ዋሽንት የተቀረጸበት ሜሞሪ ካርድ አልከፈት ብሎኛል

ጥያቄ፤ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምኖር መምህር ስሆን፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ትውልድ ቀዬዬ በሄድኩ ቁጥር አባቴ ዋሽንት ሲነፋ፣ እናቴም ፈትል እየፈተለች ስታንጎራጉር በዲጂታል መቅረጸ ድምፅ ስቀርጽ ቆይቻለሁ። ቀዬአችን በጮቄ ተራራ ሥር ነው። አባቴ ዋሽንት የጀመረው በእረኝነቱ ሲሆን፣ ታላላቆቹ እረኞች ሲነፉ እየሰማ፣ ሸምበቆውን ራሱ ቆርጦ፣ አራቱን ቀዳዳዎች በጋለ ብረት ራሱ በስቶ ነው የለመደው። ትዝታውንም ባቲውንም በመድረክ ላይ ተጫውቶት አያውቅም። የሚነፋው ማታ ከእራት በኋላ በምድጃው ዳር ስለነበረ፣ ከእኛ ከልጆቹና ከጎረቤት በቀር የሰማው ሰው የለም፤ የተቀረጸ ድምፁም እኔ ከቀረጽኩት በቀር የትም አይገኝም።

በእነዚያ ዓመታት የቀረጽኩት ሁሉ ተደምሮ 14 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ሁሉም ያለው በአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቅጂ ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ ነበር፤ ላፕቶፑ ሲበላሽ ግን ዋናው ካርዱ ላይ አለ በማለት ሌላ ቅጂ ሳላዘጋጅ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ።

ነገሩ የደረሰው በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። በዚያ ምሽት አባቴ ከብቶቹን ከመስክ ወደ በረት ሲመልስ ይነፋው የነበረውን ዜማ እንዲነፋልኝ ለመንኩት። ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ብጠይቀውም «እሱ ለከብት እንጂ ለሰው አይነፋም» እያለ ይከለክለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን እሺ አለኝና አንዱን ዜማ ከሌላው እያያያዘ ከአንድ ሰዓት በላይ ነፋ። መቅረጫው እየሠራ ሳለ ባትሪው አልቆ በመሐል ጠፋ። አዲስ ባትሪ ድንጋይ ከትቼ ሳበራው የዚያ ምሽት ቅጂ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። መሣሪያው መሥራቱን ለማረጋገጥ ለሁለት ደቂቃ ያህል የቤቱን ድምፅ ቀረጽኩ፤ ከዚያም በድንጋጤ መቅረጫውን ሳላጠፋ ካርዱን ነቅዬ አወጣሁት። በማግሥቱ መልሼ ስከተው የካርድ ስሕተት መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ወጣ። ኮምፒውተር ላይ ሳደርገውም ከመጠቀሜ በፊት ፎርማት ላደርገው እንደሚገባ ይጠይቀኛል። እስከ ዛሬ ድረስ እሺ አላልኩትም።

በወቅቱ ተመልሼ እንደገና እቀርጻለሁ ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ታሞ ተኛ፤ ከዚያ በኋላ ዋሽንት ለመንፋት የሚበቃ ትንፋሽ አላገኘም፤ ኅዳር ላይም አረፈ። ካርዱን በወረቀት ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ እውነቱን ለመናገር ማየትም አልፈለግኩም ነበር። አሁን ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የልጅ ልጆቹ ድምፁን ለመስማት ይጠይቁኛል። ከካርዱ ውስጥ የሚተርፍ ነገር ይኖር እንደሆነ፣ ይልቁንም የዚያን የመጨረሻ ምሽት ዜማ ማግኘት ይቻል እንደሆነ፣ ከተቻለም ያለውን ሳላበላሽ ከየት ልጀምር እንደሚገባኝ የምታውቁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፤ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

መምህር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ የአባትዎንም ነፍስ ይማር። በኮምፒውተርና በስልክ ጥገና ሥራዬ እርስዎ የገለጹት ዓይነት ካርድ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። አስቀድሜ ልነግርዎ የምፈልገው፣ ፎርማት ለማድረግ እሺ አለማለትዎና ካርዱን ሳይነኩ ማስቀመጥዎ ድምፁን ጠብቆልዎ ሊሆን እንደሚችል ነው። ኮምፒውተሩ ካርዱን ማንበብ አልቻልኩም ማለቱ ድምፁ የለም ማለት አይደለም። ካርዱን እንደ መዝገብ ቤት ያስቡት። መዛግብቱ በመደርደሪያው ላይ ናቸው፤ የትኛው መዝገብ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚናገረው ማውጫ ግን በበሩ አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ባለ 16 ጊጋባይት ካርድ በአብዛኛው የሚደራጀው ፋት32 በሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ማውጫው በካርዱ መጀመሪያ አካባቢ የሚገኝ ሰንጠረዥ ነው። ባትሪ በመሐል ሲያልቅ፣ ወይም መሣሪያው ሳይጠፋ ካርዱ ሲነቀል፣ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ይህ ሰንጠረዥ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በካርዱ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳይጻፍ መጠበቅ ነው። በጎኑ ላይ ትንሽ መቆለፊያ ካለችው ወደተቆለፈው አቅጣጫ ይግፏት። ኮምፒውተሩ ካርዱን ቃኝቼ ላስተካክል ቢልዎ አይፍቀዱለት፤ ያ አገልግሎት ሰንጠረዡን ለማቃናት ሲል ራሱ ካርዱ ላይ ይጽፋልና። ከዚያ በኋላ የካርዱን ሙሉ ቅጂ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ እንዳለ የያዘ አንድ ትልቅ ፋይል በኮምፒውተርዎ ላይ ያዘጋጁ። ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ይሠራል፤ ነገር ግን «ሪድ» እና «ራይት» የሚሉት ቁልፎች ጎን ለጎን ስለሆኑ እባክዎ ተረጋግተው «ሪድ» የሚለውን ብቻ ይጫኑ። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያዎ ካለ ዲዲሬስኪዩ የተባለው መሣሪያ የበለጠ ይመረጣል፤ ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ያነብና አስቸጋሪ ወደሆነው ቦታ በኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል። ለቅጂው 16 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያስፈልግዎታል። ቅጂው ሲጠናቀቅ ካርዱን ወደ ሣጥኑ ይመልሱት፤ ከዚያ በኋላ የሚታከመው ቅጂው ነው። ኮምፒውተሩ ካርዱን ጨርሶ የማያየው ከሆነ ግን በሌላ ካርድ ማንበቢያ ይሞክሩ፤ በዚያም ካልታየ ጉዳቱ ከሰንጠረዡ አልፎ ወደ ራሱ ወደ ካርዱ ስለሚሆን ልዩ ላቦራቶሪ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ፎቶሬክ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በቅጂው ላይ ያስነሡ። ስሙ የፎቶ ቢመስልም ድምፅም ይፈልጋል። የተበላሸውን ሰንጠረዥ ትቶ በቀጥታ ወደ መደርደሪያዎቹ በመግባት፣ እያንዳንዱ የዋቭ ፋይል፣ ማለትም መቅረጫው ድምፁን የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት፣ ሲጀምር የሚይዘውን የታወቀ ምልክት እየለየ ድምፁን ያወጣል። የሚያገኘውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ሲጠይቅዎ የኮምፒውተሩን ሃርድ ዲስክ እንጂ ካርዱን እንዳይመርጡ። የሚወጡት ፋይሎች ስምና ቀን አይኖራቸውም፤ በስማቸው ምትክ አንድ ፊደልና ቁጥር ይኖራቸዋል። ያን ቁጥር አይጣሉት፤ ድምፁ የጀመረበትን ቦታ የሚጠቁም ስለሆነ በ512 ሲባዛ ቦታውን በባይት ይሰጥዎታል፤ ካርዱ ራሱ ከመጀመሪያው ትንሽ ቦታ ለራሱ ስለሚይዝ ጥቂት መዛነፍ ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ መጨረሻው ምሽት ልምጣ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። መቅረጫው እየቀረጸ ሳለ ድምፁን ወደ ካርዱ ያፈስሳል፤ ማውጫውን የሚያስተካክለውና በዋቭ ፋይሉ መግቢያ ላይ የድምፁን ርዝመት የሚጽፈው ግን ብዙውን ጊዜ የማቆሚያው ቁልፍ ሲጫን ነው። ባትሪው በማለቁ ያ ሁሉ ሳይጻፍ ቀርቷል። ድምፁ ካርዱ ላይ ነበር፤ መቅረጫው ግን ሲነሣ ቦታው ባዶ መሰለው። ከዚያ እርስዎ ለሙከራ የቀረጹት ሁለት ደቂቃ የተጻፈው በዚያው ባዶ በመሰለው ቦታ ላይ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ የአባትዎ ዜማ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ጠፍተዋል ብዬ እገምታለሁ፤ የፋይሉ መግቢያም አብሮ ስለጠፋ ፎቶሬክ ቀሪውን ሊያውቀው አይችልም። የቀረው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሆን ድምፅ ግን ከሙከራው ቅጂ ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ ሊኖር ይችላል።

እሱን የሚያወጡት ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ነው። ጥሬ ውሂብ የማስገባት አገልግሎት አለው፤ የካርዱን ቅጂ ሰጥተው፣ ከየት ባይት እንደሚጀምርና ስንት በመቶውን እንደሚያስገባ ይነግሩታል። የሙከራው ቅጂ የሚጀምርበትን ቦታ ከፎቶሬክ ቁጥር ያገኙታል፤ የፋይሉን መጠን ሲደምሩበት ደግሞ የአባትዎ ድምፅ የሚቀጥልበትን ቦታ ያገኛሉ። ለአቀማመጡ 16 ቢት፣ ሊትል ኤንዲያን፣ ስቴሪዮ፣ 44,100 የሚለውን ይምረጡ፤ የአብዛኞቹ መቅረጫዎች የተለመደ ምርጫ ይህ ነው። በዚህ ምርጫ አንድ ሰከንድ ድምፅ 176,400 ባይት፣ አንድ ሰዓት ደግሞ 635 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 14 ሰዓትዎ ወደ 9 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በካርዱ ላይ ያልተነካ ቦታ ነበረ፤ ይህ መልካም ዜና ነው። በመስኮቱ ላይ ድምፁ ቁመቱ እኩል የሆነ ጥቁር ድርድር መስሎ ከታየና የሚንሿሿ ጩኸት ብቻ ከተሰማ፣ የጀመሩበት ቦታ በአንድ ባይት ተዛንፏል ወይም ቦታው ድምፅ አይደለም፤ አንድ ባይት ወደፊት ገፍተው እንደገና ይሞክሩ። ዋሽንት ሲሆን ትንፋሹና ዕረፍቱ በዓይን ይለያል።

መልስ፤ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። እኔ ስለ ማውጣቱ የምጨምረው የለኝም፤ ባለሙያው በቂ አድርጎ ገልጾታል። ነገር ግን ድምፁ ወጣ ተብሎ ወደ ሌላ ካርድ ከመገልበጡ በፊት አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። እኔ የአያቴን የሠርግና የልቅሶ ግጥሞች ስቀርጽ 64 ጊጋባይት የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርድ በርካሽ ገዝቼ ነበር። ካርዱ አንድ ቀንም ስሕተት አላሳየኝም፤ የፋይሎቹ ዝርዝር ከነስማቸው፣ ከነመጠናቸው ይታየኝ ነበር። በኋላ አንድ በአንድ ስከፍታቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ብቻ ጤነኛ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት በሙሉ ዝም ያሉ ባዶ ፋይሎች ነበሩ። የካርዱ እውነተኛ አቅም 8 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ፣ 64 እንደሆነ ለኮምፒውተሩ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ኖሯል። እንዲህ ካለ ካርድ ላይ የጠፋውን የሚያወጣ ሶፍትዌር የለም፤ መጀመሪያውኑ አልተጻፈምና።

አያቴ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ከጠፉት ግጥሞች ውስጥ ግን የጎረቤታችንን ልጅ ያለቀሰችበትን ሙሾ ልትደግምልኝ አልፈለገችም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርድ ስገዛ ማንኛውንም ነገር ከመቅረጼ በፊት ኤችቱቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ሶፍትዌር እፈትሸዋለሁ፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነብና የጻፈውና ያነበበው መመሳሰሉን ይነግረኛል። ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ማታ አስነሥቼው እተኛለሁ። መምህር፣ የአባትዎን ድምፅ ያልተፈተሸ ካርድ ላይ እንዳያስቀምጡት አደራ እላለሁ።

መልስ፤ ዲያቆን፣ ከቢቸና

የአባታችንን ነፍስ ይማር። እኔ የመጣሁት ከአብነት ትምህርት ቤት በኩል ነው። ዜማ በቃል የሚቀጸልበት ቤት ስላደግኩ መቅረጸ ድምፅ የያዝኩት በቅርቡ ሲሆን፣ የመምህሬን የጾመ ድጓ ዜማ ስቀርጽ የእርስዎ ዓይነት አደጋ ደርሶብኝ ነበር። ባለሙያው እንዳለው ፎቶሬክ አብዛኛውን አወጣልኝ። ያልጠበቅኩት ችግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከ40 በላይ ፋይሎች ስምም ቀንም ሳይኖራቸው ተደርድረው ቀረቡልኝ። ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከዓራራዩ ለይቼ አውቃለሁ፤ ነገር ግን መምህሬ አንዱን ዜማ በተለያየ ዓመት ሁለት ጊዜ ሲያዜሙት፣ የትኛው ቀድሞ የተቀረጸ እንደሆነና በየትኛው ላይ እንዳረሙት የሚነግረኝ አልነበረም። ቀኑ የዳነልኝ በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው፤ እነሱም ከመጀመሬ በፊት «ዛሬ የካቲት እንዲህ ነው፣ ቦታው እዚህ ነው» ብዬ በአንደበቴ የተናገርኩባቸው ናቸው። ከፋይሉ ስም ይልቅ በድምፁ ውስጥ የተነገረው ነገር ጸንቶ ቆየ።

ስለዚህ መምህር፣ የሚወጡትን ፋይሎች ብቻዎን ተቀምጠው ስም ለመስጠት አይቸኩሉ። እናትዎ አሉ፤ ከአባትዎ ጋር ስንት ዘመን በአንድ ምድጃ ዳር የተቀመጡ እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ሆነው ያሰሟቸው፤ የትኛው ዜማ መቼ እንደሚነፋ እሳቸው የሚያውቁትን ሌላ ሰው ላያውቀው ይችላል።

የጠያቂው ምላሽ፤ ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሥር ቀን ያህል ዝም ያልኩት በሥራው ላይ ስለቆየሁ ነው። የካርዱን ቅጂ በሁለተኛው ካርድ ማንበቢያ አገኘሁት፤ በመጀመሪያው እየተቋረጠ አስቸግሮኝ ነበር። ፎቶሬክ 31 የድምፅ ፋይሎች አወጣልኝ። ከእነዚህ 26ቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጤነኛ ናቸው። የመጀመሪያውን ስከፍት የተሰማኝ የአባቴ ሳል ነበር፤ ለመንፋት ሲዘጋጅ ጉሮሮውን ይጠርግ እንደነበር ረስቼው ኖሯል።

አምስቱ ግን እንግዳ ነገር አላቸው። አባቴ እየነፋ ሳለ ድንገት ይቆምና እናቴ እንዝርቷን እያሾረች ስታንጎራጉር ይሰማል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ቀን የተቀረጸ የዶሮ ጩኸት ይመጣል። ለዚህ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ብትገልጹልኝ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻውን ምሽትም በባለሙያው ምክር መሠረት የሙከራውን ቅጂ አግኝቼ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ጥሬ ውሂብ ወደ ኦዳሲቲ አስገባሁት። በሦስተኛው ሙከራ ዋሽንቱ መጣ። ባለሙያው እንደገመተው መጀመሪያው የለም፤ በአንድ ዜማ መካከል ነው የሚጀምረው። ርዝመቱም ወደ 74 ደቂቃ ይሆናል። ነገር ግን ድምፁ አባቴን አይመስለኝም። ዋሽንቱ ወፍሯል፤ ትንፋሹም ይጎተታል። መጀመሪያ ታሞ ስለነበረ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያን ምሽት ግን ገና አልታመመም ነበር። እህቴም ሰምታው «ይህ የአባባ አነፋፍ አይደለም» አለችኝ። ያገኘሁት እውነተኛው ድምፅ ይሁን የተዛባ፣ በምን ላረጋግጥ?

መልስ፤ ክራር ደርዳሪ፣ ከዳንግላ

መምህር፣ እንኳን የአባትዎን ድምፅ ለመስማት አበቃዎ። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ የጠየቁት ግን የጆሮ ጥያቄ ስለሆነ ልሞክር። የቀረጹት ክራር ወይም ማሲንቆ ቢሆን ኖሮ ምንም ልረዳዎ አልችልም ነበር፤ ጅማቱ በየምሽቱ በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሚቃኝ ያን ዕለት ከፍ ብሎ ይሁን ዝቅ ብሎ እንደተቃኘ ማንም አያውቅም። ዋሽንት ግን አይቃኝም። ድምፁን የሚወስነው የሸምበቆው ርዝመትና የቀዳዳዎቹ ቦታ ነው፤ ስለዚህም ነው ዋሽንት ነፊዎች ከተለያየ ድምፅ ጋር ለመግጠም የተለያየ ቁመት ያላቸውን ብዙ ዋሽንቶች የሚይዙት። አባትዎ ያን ምሽት የነፉበት ዋሽንት ዛሬም ቤት ውስጥ ካለ ምስክሩ እሱ ነው። አንድ ሰው አራቱንም ቀዳዳዎች ደፍኖ በእርጋታ ይንፋው፤ ከዚያ በቅጂው ውስጥ ዜማው ሲያርፍ የሚሰማውን ዝቅተኛ ድምፅ ከእሱ ጋር ያስተያዩት። በአነፋፍ ምክንያት ጥቂት ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የጎላ ልዩነት ካለ የተሳሳተው ሸምበቆው ሳይሆን ቅጂው ነው።

መልስ፤ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

ከዳንግላ የጻፉት ወንድሜ ትክክለኛውን ነገር ተናግረዋል፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። 44,100 የሚለውን ቁጥር የሰጠሁዎ መቅረጫው እንዴት ተስተካክሎ እንደነበረ ሳልጠይቅዎ ነው። ቁጥሩ መቅረጫው በሰከንድ ስንት ጊዜ ድምፁን እንደለካ የሚናገር ሲሆን፣ ለቪዲዮ የሚሆን ድምፅ ሲቀረጽ የተለመደው 48,000 ነው። ምናልባት ከዚያ በፊት ለሠርግ ወይም ለሌላ ዝግጅት ቀርጸውበት ሳይመልሱት ቀርተው ከሆነ፣ በ48,000 የተለካውን እኛ በ44,100 እያነበብነው ነው፤ ያኔ ድምፁ ይዘገያል፣ ከግማሽ ድምፅ በላይ ከሙሉ ድምፅ በታች በሆነ መጠንም ዝቅ ይላል። የሙከራው የሁለት ደቂቃ ቅጂ መግቢያው ሳይጎዳ ስለወጣ የፋይሉን ዝርዝር መረጃ ይመልከቱ፤ ያ ቅጂ በዚያው ምሽት፣ በዚያው ማስተካከያ የተሠራ ነው።

ስለ አምስቱ ፋይሎች፣ ከካርዱ ላይ አንዳንድ ቅጂ ደምስሰው ያውቁ ይሆን? በመሐል ሲደመሰስ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ መቅረጫው ደግሞ አዲሱን ቅጂ በየክፍተቱ ከፋፍሎ ያስቀምጣል። የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚቀጥል የሚያውቀው ሰንጠረዡ ብቻ ነበር። ፎቶሬክ ግን በአብዛኛው ጎን ለጎን ያለውን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ነው እናትዎ በአባትዎ መካከል የገቡት። የተቆረጡት ክፍሎች ከካርዱ አልወጡም፤ በኦዳሲቲ ቦታቸውን ፈልጎ በጆሮ እየለዩ መቀጠል ይቻላል፤ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፋይሎቹን ቢልኩልኝ በትርፍ ጊዜዬ ያለ ክፍያ እሞክርልዎታለሁ።

ለወደፊቱ ደግሞ፣ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በመቅረጫው በራሱ ፎርማት ያድርጉት፤ ከላዩም እየመረጡ አይደምስሱ፤ ሙሉውን ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ከገለበጡ በኋላ በአንድ ጊዜ ያጽዱት። አንዱ ዜማ ሲያልቅ ቀረጻውን አቁመው እንደገና ይጀምሩ፤ አደጋ ቢመጣ የሚጎዳው አንዱ ብቻ እንዲሆን። በጮቄ ሥር የምሽቱ ብርድ የተለመደውን የአልካላይን ባትሪ አቅም ስለሚቀንሰው፣ ቀን ላይ ሙሉ የነበረው ማታ ቶሎ ያልቃል። ፓወር ባንክ ለመጠቀም ካሰቡም አስቀድመው ይሞክሩት፤ አንዳንዶቹ መቅረጫው የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነባቸው ሥራ የለም ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ።

የጠያቂው ምላሽ፤ ከደብረ ማርቆስ

የሙከራው ቅጂ 48,000 ነው። አዎን፣ ያን ክረምት የአክስቴን ልጅ ሠርግ ከቪዲዮ ጋር ቀርጬ ማስተካከያውን ሳልመልሰው ቀርቻለሁ፤ ከካርዱ ላይ ቅጂዎች መደምሰሴም እውነት ነው። ቁጥሩን ሳስተካክል 74 የነበረው ወደ 68 ደቂቃ ወረደ።

ያም ሆኖ የዳንግላውን ወንድሜን ቃል ሳልፈጽም ማመን አልፈለግኩም። ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፑን ይዤ ወደ ቀዬ ወጣሁ። ዋሽንቱ አባቴ ከሰቀለበት ከመደቡ በላይ እንዳለ ነበር። የወንድሜ ልጅ አራቱን ቀዳዳዎች ደፍኖ ነፋው፤ እኔም በመጀመሪያ የተሳሳተውን፣ ቀጥሎም የተስተካከለውን ቅጂ አሰማሁ። የመጀመሪያው ከዋሽንቱ በታች ወርዶ ቀረ፤ ሁለተኛው ሲመጣ የልጁ ድምፅና የአባቴ ድምፅ አንድ ሆነው ለመለየት አስቸገሩ።

እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያም እኔ ከብቶች ሲመለሱ የሚነፋው ነው ብዬ ሦስት ጊዜ የጻፍኩትን ዜማ አረመችኝ፤ ያ የማታው ሳይሆን ጠዋት ከብቶቹ ከበረት ሲወጡ የሚነፋው ነው፤ የማታው ከእሱ ቀጥሎ፣ ትንፋሹ እየረዘመ የሚሄደው ነው አለችኝ። የነገረችኝን በተፈተሸ አዲስ ካርድ፣ ቀኑንና ቦታውን በአንደበቴ አስቀድሜ ተናግሬ ቀርጬዋለሁ። አምስቱን ፋይሎችም በፍላሽ ገልብጬ ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ባልደረባዬ ሰጥቻለሁ።